ፉሪ ላይ ያገኘሁት የልብስ ሰፊው በር

ዛሬ ጠዋት ፉሪ ላይ፣ አይቻት የማላውቃት ሴት ግቢ ሳላንኳኳ ዘልቄ ገባሁና ከሞተ አሥር ዓመት ያለፈውን ጓደኛዬን በስሙ ጠርቼ፣ «አለህ ወይ? አንድ ብርጭቆ ውሃ!» አልኩ።

ሴትየዋ ልብስ እያሰጣች ነበር። ዞር ብላ ስታየኝ «ቢስሚላሂ!» አለችና በእጇ የያዘችውን እርጥብ አንሶላ ወረወረችብኝ። አንሶላው መጥቶ ራሴ ላይ ተጠመጠመ። መጀመሪያ ሌባ መስያት ከሆነ፣ ነጭ ተከናንቤ መሀል ግቢዋ ስቆም ደግሞ ምን እንደመሰልኳት እናንተው ገምቱት። እኔ ከውስጥ ሆኜ «አይዞሽ ልጄ፣ ሽማግሌ ነኝ» እላለሁ፤ እሷ «ውጣ! ውጣ ብዬሃለሁ!» ትላለች።

«ከየቱ ልውጣ?» አልኳት። «ከግቢው ነው ከአንሶላው?»

ይቺ አዳነችኝ። ጂን አይቀልድም መሰለኝ። ቀስ ብላ ቀረበችና የአንሶላውን ጫፍ ገለጥ አድርጋ ፊቴን አየችው። ሽበቴን፣ የጎደሉትን ጥርሶቼን፣ አንዱ ክሩ የተፈታ ጫማዬን አየች። የምትፈራው ነገር እንደሌለ ገባት፤ እኔን ትንሽ ቅር ቢለኝም።

«አባባ፣ በሩ ተቀርቅሮ ነበር እኮ» አለች። «በየት ገቡ?»

የገባሁት በጣቴ ነው። መንገድ ዳር፣ ከአዲስ የብሎኬት አጥር ላይ፣ አንድ ሰማያዊ የእንጨት በር ነበር። ዓይኔ አየው፤ አእምሮዬ ግን ገና ከታክሲ አልወረደም። ሌባ ጣቴ ቀድማኝ ሄደች። ከበሩ መሀል ትንሽ ዝቅ ብሎ እንጨቱ አንጓ ያለው ቦታ ላይ ቀዳዳ አለ፤ እዚያ ገባች፤ በውስጥ በኩል ያለችውን የእንጨት ምላስ ወደ ላይ አነሳች። በሩ የማውቀውን ድምፁን፣ የታፈነ ሳል የሚመስለውን፣ አሰማና ተከፈተ። እኔም ፉሪ አልነበርኩም። ሰበታ፣ አሮጌው መንገድ ላይ፣ ልብስ ሰፊው ጓደኛዬ ደጃፍ ላይ ነበርኩ። እዚያ ስገባ ሁልጊዜ የምጠይቀው ውሃ ነው።

አናጢ ነኝ። ነበርኩ ማለት ይሻላል፤ አሁን መዶሻ ሳነሳ ሚስማሩ የሚስቅብኝ ይመስለኛል። ያንን በር የሠራሁት እኔ ነኝ። ቀዳዳዋም ሆነች ምላሷ የእኔ ተንኮል ናቸው። ወጣት ሳለሁ ለምወደው ሰው በር ስሠራ አንጓ ያለበትን ጣውላ እመርጥና አንጓውን አውጥቼ ለቤተሰቡ ብቻ የሚታወቅ መክፈቻ አደርግለት ነበር። ለማልወደው ሰው ቁልፍ እገጥምለታለሁ።

የሰበታን አሮጌ መንገድ ያላያችሁት እንደሆነ፣ ብዙ የሚያስጎመጅ ነገር አልነበረውም። በጅማ መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩ የጭቃ ቤቶች ናቸው፤ ሱቅ ከፊት፣ መኝታ ከኋላ፣ አንዱ የሌላውን ግድግዳ ተደግፎ። ፊታቸው በረንዳ ነው፤ በረንዳውን የጽድ ቋሚዎች ይዘውታል፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ደግሞ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለ ጣውላ ይዞራል። አስፋልቱ በታደሰ ቁጥር መንገዱ ከፍ፣ ቤቶቹ ዝቅ እያሉ ሄዱና በመጨረሻ ሱቅ መግባት ማለት ሁለት ደረጃ መውረድ ሆነ። ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ቀና ሲል የሚያየው የሰው ፊት ሳይሆን እግር ነበር። ደንበኞቹን በጫማቸው ነው የሚያውቃቸው። እኔን «ያ ክሩን የማያስረው» ይለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ የሕንጻ ሥራ የሚማሩ ልጆች ሜትርና ካሜራ ይዘው መጡ። ቅርስ ነው አሉን። እኛ ቅርስ መሆናችንን የሰማነው ያን ቀን ነው። የጣውላውን ጥልፍ እያሳዩኝ «ይህ ቅርጽ ከየት የመጣ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ፊቴን ኮስተር አድርጌ፣ ጥንት ከህንድ የመጡ ጠራቢዎች ለአያቴ ያስተማሩት ነው አልኳቸው። ጻፉት። እውነቱን ለመናገር ከብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ ነው የገለበጥኩት፤ አያቴም ገበሬ ነበሩ። አሁን መንገዱ የለም፤ የልጆቹ ወረቀት ግን የሆነ ቦታ ይኖራል፤ በውስጡም የእኔ ህንዶች።

ስለዚያ መንገድ ስጽፍ ግን ዓይኔ ላይ የሚመጣው ጥልፉ አይደለም፤ ኮርኒሱ ነው። ኮርኒሳችን አቡጀዲ ነበር፣ ተሰፍቶ የተወጠረ። የቤቶቹ ግድግዳ እስከ ጣራው አይደርስም፤ ከአቡጀዲው በላይ ረድፉ በሙሉ ከዳር እስከ ዳር አንድ ጨለማ ነው። ድመት በአንዱ ጫፍ ከዳቦ ቤቱ ትገባለች፤ አንተ ተጋድመህ አራት እግሯ ጨርቁን እየረገጠ ከራስህ በላይ ሲያልፍ ታያለህ፣ ቀጥሎ ጎረቤትህ «ሂጂ!» ሲላት ትሰማለህ። በአንዱ ቤት ያስነጠሰ ሰው ከአምስት ቤት ወዲያ «ይማርህ» ይባላል። ልብስ ሰፊው ከሞተ በኋላ ሁለት ቤት ወዲህ ያለው ሰዓት ጠጋኝ የስፌት መኪናው ድምፅ እንደሚሰማው ነገረኝ። አይጥ ነው አልኩት። እሱ ግን ሙያው ሰዓት ነው፤ «አይጥ እንዲህ እኩል አይረግጥም» አለኝ። ከዚያ በኋላ እኔም እሰማው ጀመር። ባለመስማት ላይ መቆየት ነበረብኝ።

በሩን በተመለከተ እውነተኛው ጉዳይ የልብስ ሰፊው ሚስት ጉዳይ ነው። አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ ነበሯቸው። አባቱ ከሞተ በኋላ ወደ ደቡብ አፍሪካ በየብስ ለመሄድ ተነሳ። እናቱን ሲሰናበት፣ «ስመለስ አልቀሰቅስሽም፤ በጣቴ ከፍቼ እገባና ጠዋት ተኝቼ ታገኚኛለሽ» አላት። ከአንድ ድንበር ከተማ አንዴ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁ የለም። እሷም ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በር ላይ ሌላ ቁልፍ አላስገጠመችም፤ ሌባ የሚበዛበት ጊዜ እንኳ። «እሱ መጥቶ ቢቆለፍበትስ?» ትል ነበር።

መንገዱ ሊሰፋ ነው ተብሎ በቤቶቹ ላይ ቀይ ምልክት ሲቀባ፣ ዕቃችንንም እንድናወጣ ቀን ሲቆረጥ፣ ሌላው ስለ ካሳና ስለ ቆርቆሮ ሲጨነቅ እሷ የመጣችው ወደ እኔ ነው። «አንተ ነህ የሠራኸው፤ አንተው በእጅህ አውጣልኝ። እነሱ በዲጂኖ ይሰብሩታል» አለችኝ። ነገ በጠዋት አልኳት። በጠዋትም ተነሳሁ፤ መሮና መዶሻዬን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ ግን የሚፈርሰው ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ዳማ የሚጫወቱ ሽማግሌዎች አገኘሁ። የመጨረሻ ጨዋታ ነው፣ በረንዳው ከሰዓት አይኖርም አሉኝ። ተቀመጥኩ። በዕድሜዬ ሙሉ አሸንፌው የማላውቀውን ሰው ያን ቀን አሸነፍኩት። ደስ ብሎኝ እያፏጨሁ ስደርስ ቤቱ ቆርቆሮው ተገፎ፣ በሩ ከነመቃኑ ተነቅሎ በአሮጌ ዕቃ ገዢዎች መኪና ሄዷል። የቀረው ሁለቱ ደረጃ ነበር፤ ወደ ምንም የሚወርድ። በጎረቤቱ ግድግዳ ላይ የእነሱ መኝታ ቤት አረንጓዴ ቀለም ተጣብቆ ቀርቷል፣ መሀሉ ላይ የካላንደር ሚስማር እንደተተከለ።

እሷ ያን ጊዜ የተከራየችውን ክፍል ስታጸዳ ነበር። ማታ ላይ ደወለች። «አወጣኸው?»

«አውጥቼዋለሁ» አልኳት።

እንዲህ ሆኖ ሁለት ክረምት አለፈ። በየጊዜው ትደውላለች፤ ስለ እኔ ጤንነት አንድ ጥያቄ፣ ስለ በሩ አምስት።

«ዝናብ አይነካውም?»

«ሸራ አልብሼዋለሁ።»

«ምስጥስ?»

«ጋዝ ቀብቼዋለሁ። ከእኔ ይልቅ እሱ ነው በደንብ የተያዘው።»

«ኧረ ተመስገን። አንተማ ምን ምስጥ ይበላሃል፣ የሚበላ ነገር የለህ።»

ሸራም ጋዝም አልነበረም። ግቢዬ ጥግ የተከመሩ የተሰበሩ ወንበሮች ናቸው ያሉት። ግን እየነገርኳት ስኖር እኔም አምኜው ነበር መሰለኝ፤ ሲዘንብ ሌሊት ነቅቼ «በሩ» የምልበት ጊዜ ነበር። ከመንገዱ ስንነሳ በገባሁበት፣ ዓለም ገና ባለው ግቢዬ ውስጥ የሌለ በር ቆሞ ከእኔ ጋር ይኖር ነበር።

ትናንት ደወለች። ልጇ፣ ሴቷ፣ ሱሉልታ ሁለት ክፍል ሠርታላታለች። «የጭነት መኪና ይዤ ነገ አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ዕቃዬን ጭኜ በመጨረሻ በሩን ከአንተ ግቢ እወስዳለሁ። ደጄ ላይ እሱ ነው የሚገጠመው፤ ግንበኛው ልኩን ትቶልኛል» አለች።

የሰማኒያ ዓመት ጎረምሳ ምን ያደርጋል? ዛሬ ጠዋት ተነስቼ ፉሪ ሄድኩ፣ አሮጌ በርና መስኮት ከሚሸጡ ሰዎች የሚመስለውን ገዝቼ፣ አንጓ ፈልፍዬ፣ ላታልላት። እንዲህ ያለውን ሥራ ለመሥራት ስሄድ ነው ጣቴ ያጋለጠችኝ።

እንግዲህ ለሴትየዋ ይህን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ዳማው ትንሽ አሳጥሬ። ባለቤቷ በመሀል መፋቂያውን እንደያዘ ከቤት ወጣና ቆሞ ሰማ። አዲስ አበባ ነው የሚሠራው፤ ቅዳሜ ስለሆነ አለ። በሩን የገዙት ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው። ሰማያዊውን የቀባችው እሷ ናት።

«ይሄ በር ራሱን ይከፍታል» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቀርቅረነው እንተኛለን፤ ጠዋት ገርበብ ብሎ እናገኘዋለን። ምንም ዕቃ አይጠፋም። የሰው ኮቴም የለም። አሁን አሁን ማታ ድንጋይ ነው የምናስደግፈው። እሱ ንፋስ ነው ይላል። ዛሬ እርስዎን ሳይ፣ ይኸው መጣ አልኩ።»

«ንፋስ ነው» አለ ባሏ።

ሄጄ ምላሷን አየኋት። እንደ ምላጭ ሳስታለች። የአሸዋ መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር መሬቱ ሲርድ እየተነሳች ትወርዳለች። የእኔ ሥራ ነው ያለቀው። ግን ልንገራችሁ፣ ይህን እያወቅሁ ወጣ ብዬ መንገዱን ግራና ቀኝ አየሁ።

«ሰውዬው እውነታቸውን ከሆነ በሩን ይውሰዱ» አለች ሴትየዋ ወደ ባሏ ዞራ። «የሰው እናት የምትጠብቅበት በር እኔ ምን ያደርግልኛል?»

«እኛስ በምን እንዘጋ? በአንሶላ?» አለ።

የራሴን በር እሰጣችኋለሁ አልኩ። የዝግባ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ራሱን አይከፍትም። ለካ በዚያች ሰዓት የምናገረው ነገር እውነት ሊሆን ነው። ሰውየው ሳቀና መፍቻውን አመጣ።

ዓለም ገና ሄደን የግቢዬን በር ነቀልነው። ባጃጅ አስቆምኩ። ሹፌሩ «አከም ጅርቱ ኦቦ!» ብሎ ሰላም ካለኝ በኋላ በሩን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ኦቦ፣ ይሄ ባጃጅ ነው እኮ። ቤት አይደለም በር የሚገጠምለት።»

«ጣራው ላይ ነው» አልኩት።

«እርስዎስ?»

«ውስጡ ካልበቃኝ እኔም ጣራው ላይ።»

እንዲያ ሆኖ፣ በሩ ከላይ፣ እኔ እጄን በመስኮት አውጥቼ ገመዱን ይዤ፣ ፉሪ ገባን። ሰማያዊውን ከነመቃኑ አውጥተን የእኔን በር ስንገጥመው ለአጥሩ አፍ ጠበበ፤ አንድ ጋት ክፍተት ተረፈ። ሰውየው ካርቶን አጥፎ በሚስማር መታበትና «ለጊዜው» አለ። ሰማያዊውን በዚያው ባጃጅ ይዤ ተመለስኩ።

ከአሥር ሰዓት በፊት ደረስኩ። በሩን ከግድግዳ አስደገፍኩት፤ አሮጌ ሸራ ፈልጌ አለበስኩት፤ አቧራም በእጄ ዘገንኩና በተንኩበት። የቀረኝ የሳሳችውን ምላስ መቀየር ነበር። ከወንበሮቹ የአንዱን እግር በቢላ መጥረብ እንደጀመርኩ የጭነት መኪናው ደረሰ።

ከጋቢና ወረደች። ግቢ ገባችና ቆመች። ወደ ሸራው አላየችም። ወደ ኋላዋ ዞራ የገባችበትን ባዶ መቃን አየች።

«የራስህ በር የት ሄደ?»

«ለጥገና ሰጥቼው ነው።»

«አናጢው አንተ አይደለህ እንዴ? ለማን ነው የሰጠኸው?»

ብዙ ውሸት ዋሽቻለሁ፤ ህንዶችን ከባሕር አሻግሬያለሁ። በዚች ጊዜ ግን ያደረግሁት የወንበሩን እግር ከኋላዬ መደበቅ ነው። ሸራውን ገልጣ ሰማያዊውን ቀለም አየች። ታች በኩል የልጅ እጅ በጠመኔ የሣላት ዶሮ አለች። ዶሮዋን ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት። «ይቺንም አንተ ነህ የሣልካት?» አለች። እኔም ነገርኳት፤ ዳማውን፣ ሸራውን፣ ጋዙን፣ አንሶላውን ሳይቀር። ትስቃለች ብዬ ነበር። ተነስታ ጀርባዋን ሰጠችኝ፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እስካሁን አላወቅሁም።

ቀጥላ የጠየቀችኝ እንዴት ዋሸኸኝ አልነበረም። «ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ቤት ቆሞ» አለች፤ «ተከፍቶ ያደረበት ቀን አለ?»

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ግን ለአንድ ቀን የሚበቃኝን ያህል ዋሽቻለሁ። «አለ» አልኳት። «ብዙ ቀን። ግን ምላሱ ስላለቀ ነው። የአሸዋ መኪና ሲያልፍ ይነሳል። አሁን አምስት ደቂቃ ስጪኝ፣ ልቀይረው።»

ጣቷን በቀዳዳው አስገብታ ምላሷን አነሳች፣ ጣለች። ደግማ አነሳች።

«አትንካው» አለች።

«ሱሉልታ እኮ ንፋስ ነው! ሌሊቱን ሙሉ ሲከፈት ያድራል።»

«ይከፈታ። ብነቃ ምን አለ? ተነስቼ አያለሁ፣ ከሌለ ዘግቼ እተኛለሁ።» ጣቷን ከቀዳዳው አውጥታ፣ «ልጄ ፉሪን አያውቅም፣ ሱሉልታንም አያውቅም። እኔ ጅል አይደለሁም። ግን ለፉሪዋ ልጅ ንገራት፤ ጣቱን እንዲህ አድርጎ የሚፈልግ ሰው ደጇ ላይ ካየች አንሶላ እንዳትወረውርበት። ስልኬን ትስጠው» አለች።

በሩን ሹፌሩና ረዳቱ ጫኑት። ከፍራሹ አጠገብ፣ ቆሞ፣ ገመድ ተጠልፎበት ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ ምላሷ ተነሳችና በሩ ሁለት ጣት ያህል ከመቃኑ ገለል አለ፤ ሳሉንም ሰማሁት። እሷ ጋቢና ውስጥ ናት፤ አላየችም። እኔ መንገዱ ላይ ቆሜ በዚያች ክፍተት ማን እንደሚያይ እያየሁ ቀረሁ።

አሁን ፀሐይ እየገባች ነው። ግቢዬ በር የለውም። ከመንገድ የሚያልፈው ሁሉ ዘወር እያለ ያየኛል፤ አንዳንዱ ሰላም ይላል። ያለፈውንም ያላለፈውንም አብሬ እየቆጠርኩ ሳይሆን አይቀርም፤ አንዱ አላፊ ጫማዬን አይቶ የሳቀ መሰለኝ። የጫማዬን ክር አሰርኩ። ለግቢዬ ችግር የለውም፣ የሚሰረቅ ነገር ቢኖር እኔው ነኝ፣ እኔን ደግሞ የሚወስድ አላገኘሁም።

ፉሪ ላይ ግን አንዲት ሴት ዛሬ ማታ ከባሏና ዶሮ ከምትሥለው ልጇ ጋር ካርቶን ከተመታበት ክፍተት ጀርባ ትተኛለች። ዝግባ ጣውላ አለኝ፤ መላጊያውም አለ፤ እጄ ከነመንቀጥቀጧ ለዚያች ትበቃለች። መልእክቱንም ይዤ ነው የምሄደው፣ የስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ። አንኳኩቼ ነው የምገባው። የአንድ ጋት እንጨት ዕዳ አለብኝ።